ለደንበኞቻችን፦ ፈጣን ቻርጀሮቹን ከመደርደሪያው ለምን እንዳነሣን

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ እንደተከፋችሁብን አውቃለሁ። ፊት ለፊት የነገራችሁኝ አላችሁ። በሰው የላካችሁብኝም አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ምንም ሳትሉ ስልካችሁን ይዛችሁ በሱቃችን በር አልፋችሁ ሄዳችኋል። ከሁሉም የባሰብኝ እሱ ነው።

ነገሩ ስልካችሁን ትታችሁልን የምናስሞላበት የቻርጅ መደርደሪያው ነው። ፈጣን ቻርጀሮቹን አንሥተን በሙሉ ባለ 10 ዋት አድርገናቸዋል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይሞላ የነበረ ስልክ አሁን ሦስት ሰዓት ገደማ ይቆያል። ስላስጠበቅናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። በተለይ ለገበያ መጥታችሁ ሳይመሽ አገራችሁ መግባት ያለባችሁ፣ ችግራችሁ ይገባኛል። ውሳኔው ግን እንዳለ ይቀጥላል። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ «ነዳጅ ሊቆጥብ ነው» የሚለውን ወሬ ላንሣ። ይሄ ወሬ ሆዴን አስብሶታል። ባለ 5000 ሚሊ አምፔር ባትሪ ባዶ ሆኖ ሲመጣ ለመሙላት ወደ 19 ዋት ሰዓት ኃይል ይፈልጋል። በፍጥነት ቢሞላም በዝግታ ቢሞላም የሚያስፈልገው ያው ነው። መብራት ሲጠፋ ግን እኛ ጀነሬተር እናስነሣለን። ስልኩ ሦስት ሰዓት ከቆየ ጀነሬተሩም ሦስት ሰዓት ይሠራል። ታዲያ ነዳጁ የጨመረው በማን ላይ ነው? የቤንዚን ዋጋ ደብረ ማርቆስ ላይ ምን እንደደረሰ ለእናንተ አልነግርም፤ ታውቁታላችሁ። እንዲያም ሆኖ የቻርጅ ክፍያው ላይ አንድ ብር አልጨመርንም።

ሌላም ነገር አስቡልኝ። ባትሪያችሁ ቶሎ ቢሞት የምጠቀመው እኔ ነኝ። ባትሪ የምሸጠውም የምቀይረውም እኔው ነኝ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የባትሪ መግዣ ዋጋ በጣም ወጥቷል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ዕቃው ራሱ አይገኝም። አንድ ተማሪ የባትሪውን ዋጋ ሰምቶ ስልኩን መልሶ ኪሱ ሲከት ማየት አንጀት ይበላል። ውሳኔውን ያመጣውም በጥገና ጠረጴዛዬ ላይ ያየሁት ነው።

በቅርቡ አንዲት እናት «ስክሪኑ ተነሣብኝ» ብለው ስልክ አመጡ። ጠረጴዛው ላይ በጀርባው አስተኛሁትና ጠርዙን በጣቴ ገፋ አደረግሁት። እንደ እንዝርት ዞረ። ደህና ስልክ እንዲህ አይዞርም፤ ጀርባው ለጥ ያለ ስለሆነ ይይዛል። የኋላ ክዳኑን በጥንቃቄ ስከፍተው ባትሪው አብጦ፣ መሐሉ ተነፍቶ፣ ስክሪኑን ከውስጥ እየገፋው ነበር። ያበጠው ውስጡ በተፈጠረ ጋዝ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ ከተበሳ ወይም ከተጨቆነ ሊቃጠል ይችላል። እኒያ እናት ስልኩን በዚያው ሁኔታ ትራሳቸው ሥር ያሳድሩት ነበር።

ፈጣን ቻርጅ ጠላት ነው እያልኩ አይደለም። ለፍጥነት የተሠራ ስልክ ከራሱ ቻርጀር ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ይነጋገራሉ። ስልኩ የሚችለውን ያህል ይጠይቃል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል። ስልኩ የሚስበውን ኃይል በምታሳይ ትንሽ መለኪያ አይቸዋለሁ፤ 20 በመቶ ላይ ያለ ስልክ 18 ዋት ይስባል፣ 80 ሲያልፍ እየቀነሰ ወደ 5 ዋት ይወርዳል። የመጨረሻዋ 20 በመቶ እንደዚያ የምትጎተተው ባትሪው እንዳይጎዳ ነው። ስለዚህ የራሳችሁ ስልክ ከራሱ ቻርጀር ጋር በቤታችሁ ቢሞላ እኔ ምንም አልልም።

ባትሪን የሚገድለው ሙቀት ነው። ወደ ባትሪው የሚገባው የኤሌክትሪክ ፍሰት እጥፍ ሲሆን ውስጡ ያለው ተቃውሞ (ፍሰቱን የሚያግደው ነገር) የሚፈጥረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ባትሪ ሲያረጅ ደግሞ ተቃውሞው ራሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ አሮጌው ከአዲሱ ይበልጥ ይሞቃል። «ማርቆስ ብርድ ነው፣ ምን ሙቀት አለ?» ያላችሁኝ አላችሁ። እውነት ነው፣ አየራችን ለባትሪ ጥሩ ነው። ሙቀቱ ግን የሚመጣው ከውስጥ ነው። መደርደሪያችን ላይ ስልክ ከስልክ ተጠጋግቶ፣ ወፍራም ከቨር እንደለበሰ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው የሚውለው። የማን ባትሪ ኦሪጅናል ነው፣ የማን ኮፒ ነው፣ የትኛው ተቀይሯል፣ የትኛው አብጧል፤ ከውጭ ማወቅ አይቻልም። ባለቤቱ ገበያ ነው። ስልኩ ቢግል የሚነቅለው ሰው አጠገቡ የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ለሁሉም የሚስማማው ዝግ ያለው ነው።

የቻርጀሮቹም ነገር አለ። ርካሽ ሆነው 67 ዋት፣ 120 ዋት የተጻፈባቸውን በመለኪያ ስናያቸው ብዙዎቹ 10 ዋት እንኳ በቅጡ አይሰጡም። ከዚያ የሚብሱት ቮልቴጃቸው ከፍ ዝቅ የሚለው ናቸው። እነሱን መሸጥም አቁመናል። ትርፋቸው ጥሩ ነበር፤ ቢሆንም እኔ የሸጥኩት ዕቃ ዞሮ በጥገና ጠረጴዛዬ ላይ እንዲመጣ አልፈልግም።

ይህን ሥራ የጀመርኩት በሰው ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ራዲዮና የእጅ ባትሪ እየጠገንኩ ነው። የኖኪያ ዘመን ሲመጣ ቀጭኗን የቻርጀር ጫፍ በየቀኑ እበይድ ነበር። ያኔ ያመናችሁኝ እናንተ ናችሁ። «ነገ እከፍልሃለሁ» ብላችሁ ያስቀራችሁብኝ የለም፤ «ያንተ እጅ ይንካው» እያላችሁ ከሉማሜና ከአማኑኤል ድረስ ስልክ የላካችሁልኝ ግን ብዙ ናችሁ። ዛሬ ሦስት ልጆች ከእኔ ጋር እየሠሩ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። እናንተ ስትቀሩ የሚጎድለው የእነሱም እንጀራ ነው። ይህን የምለው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ስልካችሁን እንደ ራሴ ዕቃ እንደማየው እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

ለቸኮላችሁ መላ አስበናል። በሩ አጠገብ፣ አየር በሚገባበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፈጣን ሶኬቶች ትተናል። የራሳችሁን ቻርጀር ይዛችሁ፣ ከቨሩን አውልቃችሁ፣ ስልኩ አጠገብ ለምትቀመጡ ናቸው። መደርደሪያው ላይ ለምታስቀምጡት ደግሞ የግድ 100 መድረስ የለበትም። ከ20 እስከ 80 በባለ 10 ዋቱም ቢሆን አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። ለባትሪውም እሱ ይሻለዋል። ስትሰጡን «80 ይበቃኛል» በሉን፤ ልጆቹ ነቅለው ያስቀምጡላችኋል።

ሌላ ሱቅ የሄዳችሁም ብትሆኑ፣ ስልካችሁ ጠረጴዛ ላይ ሲገፋ የሚዞር ከሆነ ወይም ክዳኑ ከተነሣ ቻርጅ አታድርጉት፤ አጥፍታችሁ ይዛችሁልን ኑ። ለማየት አናስከፍልም። ሱቃችን እንደ ወትሮው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ነው፤ በገበያ ቀን ቀደም ብለን እንከፍታለን።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት
ደብረ ማርቆስ