ጉዳዩ፦ ስለ ልጆች የጆሮ ማዳመጫ ግዢ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች
በያላችሁበት

የተከበራችሁ ወላጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ቢሮዬ ድረስ የመጣችሁ ወላጆች ከሞላ ጎደል የጠየቃችሁኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ልጄ የጆሮ ማዳመጫ ግዛልኝ ብሎ አላስቀምጥ አለኝ፤ የትኛውን ልግዛ?» በር ላይ ቆሜ በችኮላ ከምመልስላችሁ ተረጋግታችሁ እንድታነቡት ብዬ ጻፍሁት።

ነገሩ የመጣው ከቤተ መጻሕፍታችን ነው። የእንግሊዝኛ መምህራኑ የማዳመጥ ክፍለ ትምህርቶችን በድምፅ ቀድተው ኮምፒውተሮቹ ላይ ጭነዋል። በድምፅ ማጉያ ስንከፍተው የአንዱ ትምህርት ለሌላው ጩኸት ሆነ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ተነጋግሮ የቻለ ልጅ የራሱን ማዳመጫ ይዞ እንዲመጣ ተስማማ። ግዴታ አይደለም። ያልቻለው ትምህርት ቤቱ ካሉት ስምንት ማዳመጫዎች በተራው ይጠቀማል፤ በዚህም ውጤቱ አይነካም። ለዚህ ጉዳይ በግ የሚሸጥ ወላጅ እንዳይኖር አደራ እላለሁ። ከአንድ ጠቦት ዋጋ በብዙ ያነሰ ገንዘብ ይበቃል፤ ገንዘቡ የት ላይ መዋል እንዳለበት ከታወቀ።

ይህን የምለው ተሞኝቼ ስለማውቅ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት አዲስ አበባ ለስብሰባ ሄጄ ለልጄ አንድ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ ማዳመጫ ገዛሁ። ካርቶኑ ላይ ያለው ስም ከታወቀ ስም በአንድ ፊደል ብቻ ይለያል፤ መነጽሬን አውጥቼ አላየሁትም። ሲይዙት ከበድ ይላል፤ እኔም ክብደቱን እንደ ጥራት ቆጠርሁት። በሁለተኛው ወር የግራው ጆሮ ጸጥ አለ። ከቤተ ሙከራው መምህር ጋር ፈታን ስናየው በዚያ ሁሉ ፕላስቲክ ውስጥ ያለችው ድምፅ አውጪ ከሳንቲም ብዙ የማትበልጥ ሆና ተገኘች። ክብደቱ ደግሞ በማስቲሽ የተለጠፈ ቁራጭ ብረት ነበር። የፊዚክስ መምህር ሆኜ ይህ ሲደርስብኝ፣ ለልጄ ምን እንዳልኋት ለራሴ ይቆይ።

ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ከጆሮው ጀምሩ። ትልልቆቹ ማዳመጫዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ጆሮ ላይ ይጫናል፤ ሌላው ጆሮን ከነሥሩ ከብቦ የራስ ቅል ላይ ያርፋል። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ያህል የሚቀመጥ ልጅ ሁለተኛው ይሻለዋል፤ የመጀመሪያው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጆሮ ያሳምማል፤ መነጽር ላደረገ ልጅ ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ ጀርባቸው ክፍት የሆነና የተዘጋ አሉ። ክፍቶቹ ድምፃቸው ሰፊና የሚያምር ነው፤ ዘፈን የሚወዱ ሰዎች ይመርጧቸዋል፤ ነገር ግን የሚሰማውን ሁሉ ለጎረቤት ያካፍላሉ። ለቤተ መጻሕፍት የተዘጋውን ግዙ። የክፍቱን ጀርባ ስታዩት እንደ ወንፊት ቀዳዳ አለው፤ በዚህ ትለዩታላችሁ።

የሚቻል ከሆነ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ጭንቅላት በአባት ግምት አይለካም። አናቱን የሚይዘው ቅስት በሹሩባ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ትራሱ ጆሮውን ሁሉ መዋጡን፣ ልጁ ጎንበስ ሲል ወደ ፊት መንሸራተት አለመንሸራተቱን እዚያው እዩ። አሥር ደቂቃ አድርጎት ይቁም። ነጋዴው ፊቱን ቢያጠቁር ሌላ ሱቅ አለ።

ቶሎ የሚያረጀው ትራሱና ገመዱ ነው። ቆዳ መሰሉ ትራስ በላብና በፀጉር ቅባት ይላላጣል። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ ያረፈ ትራስ ዓመት መድፈኑን እጠራጠራለሁ፤ ቅቤ አትቀቡ ማለቴ ግን አይደለም፤ ከተጠቀሙ በኋላ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብዙ ይጠቅማል። ትራሱ ወልቆ የሚቀየር መሆኑን ጠይቁ፤ ከተለጠፈ የዕቃው ዕድሜ የትራሱ ዕድሜ ነው። ገመዱ የሚበጠሰው ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል በሁለት ቦታ ነው፤ ጃኩ (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካው ጫፍ) አንገት ላይና ወደ ጆሮው በሚገባበት ቦታ። ገመዱን እዚያ ጋ ቀስ አድርጋችሁ እያጠፋችሁ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ መልሱት። ተነቅሎ የሚቀየር ገመድ ያለው ከተገኘ ጥቂት ጨምሮ መግዛት ያዋጣል። ርዝመቱም ይታይ፤ ለስቱዲዮ ተብለው ከተሠሩት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የጃፓኑ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም 20 ኤክስ፣ የ3 ሜትር ገመድ አላቸው፤ ይህ ከልጅ እግር ጋር የሚተባተብ ርዝመት ነው። ለእኛ ኮምፒውተሮች 1 ሜትር ከ20 ይበቃል።

ቀጥሎ ያለው የሙያዬ ነገር ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ። ካርቶኑ ላይ ኦም የሚል ቁጥር አለ። ይህ ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። (በስሙ የተጠራበት ጀርመናዊው ኦም፣ ሕጉን በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ እንደ እኛው የትምህርት ቤት መምህር ነበር።) 32 ኦም አካባቢ የሆነ ማዳመጫ ከስልክም ከኮምፒውተርም ጋር በቀላሉ ይሠራል። 250 ኦም የሆነው ግን ስልክ ከሚሰጠው የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ኃይል የሚጨምርለት ማጉያ (አምፕሊፋየር) ከሌለው በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። አንድ ወላጅ፣ ወንድማቸው ከውጭ የላከውን ውድ ማዳመጫ «ተበላሽቶ መጣ» ብለው አዝነው አምጥተውልኝ ነበር። ምንም አልሆነም፤ 250 ኦም ነበር እንጂ። የጀርመኑ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ለምሳሌ በአንድ ስም በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሠራል። ስለዚህ ከውጭ ለሚልክላችሁ ዘመድ የዕቃውን ስም ብቻ አትንገሩት፤ «ከ50 ኦም አይብለጥ» በሉት።

ካርቶኑ ላይ ያለው ሌላው ቁጥር ብዙም አያስጨንቃችሁ። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው፣ ማለትም ዕቃው የሚያሰማው የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት ወሰን፣ ሁሉም ላይ ለማለት ይቻላል ተጽፏል፤ ሻይ ቅጠል ላይ «ምርጥ» ተብሎ እንደሚጻፈው ማለት ነው። ቀለም እየቀያየረ የሚበራው መብራትም ለማዳመጥ የሚረዳው ነገር የለም፤ ዋጋ ግን ይጨምራል።

የምትፈትኑት በዘፈን ሳይሆን በንግግር ይሁን። ነጋዴዎች ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ) የበዛበትን ሙዚቃ ይከፍቱላችኋል፤ ምቱ ደረት ሲነካ ዕቃው ጥሩ ይመስላል። የእንግሊዝኛ ትምህርት ግን የሚያርፈው በቀጫጭኖቹ ድምፆች ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «ሦስት» (three) እና «ነፃ» (free) የሚሉት ቃላት የሚለዩት በመነሻቸው ደካማ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ቤዝ የበዛበት ማዳመጫ ያችን ትንፋሽ ይውጣታል። መምህራኑ የቀዱትን አንድ ክፍለ ትምህርት በልጆቹ በኩል ወደ ስልካችሁ እንልካለን፤ እሱን ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ ልጁ ሁለቱን ቃላት ይለይ። ከለየ ይበቃዋል።

ብሉቱዝ አትግዙ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ብሉቱዝ የላቸውም፤ ባትሪውም በዓመታት ይደክማል፤ መብራት በጠፋ ማግስት ደግሞ ግማሹ ክፍል ባዶ ማዳመጫ ይዞ ይመጣል። ባለ ገመድ፣ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ያለው ይሁን። የቤታችሁ ስልክ ይህ ቀዳዳ ከሌለው ለቤት ጥቅም የታይፕ ሲ መቀጠያ ያስፈልጋችኋል።

አሁን ስለ ድምፁ መጠን፤ እዚህ ላይ ከቀረው ሁሉ ይልቅ እጨነቃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መስፈርት ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት እስከ 80 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ለልጆች ደግሞ በዚያው ሰዓት እስከ 75 ዴሲቤል ነው የፈቀደው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፤ ለአዋቂ እንኳን 90 ዴሲቤል ሲደርስ በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይቀራል። የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልም። በቤታችሁ የስልኩን ድምፅ ከ60 በመቶ በታች አድርጉት። ወፍጮ ቤት አጠገብ ወይም ዋናው መንገድ ዳር የምትኖሩ፣ ልጆች ጩኸቱን ለመብለጥ ድምፅ እንደሚጨምሩ አትርሱ፤ የተዘጋውን ግዙ ያልሁበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። የመዝጋቱ ጥቅም መንገድ ላይ ግን ጉዳት ነው። የአዲስ አበባና የደሴ መኪና በሚያልፍበት አስፋልት ባጃጅና የጭነት መኪና የማይሰማ ልጅ እንዲሻገር አልፈቅድም። ማዳመጫው ከግቢ በር ውጭ ቦርሳ ውስጥ ይሆናል፤ አንገት ላይም አይንጠለጠልም። ጥበቃዎቹ ይህን እንዲያዩ ተነግሯቸዋል።

የጥቅምት 22 ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እኔና የቤተ ሙከራው መምህር ቤተ መጻሕፍት እንገኛለን። ከገዛችሁ ዕቃውን ከነካርቶኑና ከነደረሰኙ አምጡት፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክተን እንሞክረዋለን። ያልገዛችሁም የትምህርት ቤቱን ስምንቱን አድርጋችሁ ልዩነቱን ማየት ትችላላችሁ። ቤት ውስጥ ገመዱ ተበጥሶ የተጣለ አሮጌ ማዳመጫ ካላችሁ አትጣሉት፤ ይዛችሁት ኑ። የበየዳ ብረቱን አሞቅን እንጠብቃችኋለን፤ ከሠራ ለስምንቱ ዘጠነኛ ይሆናል።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት
ለቤተ መጻሕፍት ክፍል