ፈርሜ የላክሁልሽ ወረቀት

ይድረስ ለእማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የሴኡል ብርድ ግን አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጋቢሽ ባይኖር አልችለውም ነበር። የሚያነብልሽ ወንድሜ መስመር እንዳይዘል ንገሪልኝ።

ባለፈው በስልክ «ያ ትምህርት ቤትሽ የማን ነው?» ብለሽኝ ነበር። የጀመረችው ሜሪ ስክራንተን የምትባል አሜሪካዊት ሚሲዮናዊት ናት። ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ በፈረንጆች 1885 ሐኪም ልጇን ተከትላ እዚህ ስትገባ 52 ዓመቷ ነው። አንቺ በዚያ ዕድሜሽ «እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ» ትይ ነበር!

በዓመቱ ትምህርት ቤት ስትከፍት ስንት ተማሪ ያገኘች ይመስልሻል? አንዲት። እሷም የአንድ ሹም ቅምጥ ነበረች፤ እንግሊዝኛ ተምሬ ለንግሥቲቱ አስተረጉማለሁ ብላ መጥታ ከጥቂት ወራት በኋላ ተወችው። ያኔ የጨዋ ልጅ ከቤት አትወጣም፤ ፈረንጅ ደግሞ ያስፈራል።

ቀጥላ የመጣችው የድሃ ልጅ ናት። እናቷ የምታበላት ብታጣ ነው ያመጣቻት እንጂ ለፊደል ብላ አይደለም። ጎረቤት መቼ ዝም ይላል! «አሁን ታበላታለች፣ ታለብሳታለች፣ ኋላ አሜሪካ ይዛት ትሄዳለች» አሏት። ደንግጣ ልጄን መልሺልኝ ብላ መጣች። ስክራንተን ያለ እናቷ ፈቃድ ልጅቷን ከአገር እንደማታስወጣ ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠቻት። ልጅቷም እዚያው ቀረች።

በ1887 ከቤተ መንግሥት «ኢህዋ» የሚል ስም ወጣለት፤ የፒር አበባ ማለት ነው። ዛሬ እንደኔ ከሩቅ የመጡ ሴቶች የሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። «ሃይማኖትሽን አስለወጡሽ ወይ?» እንደምትይ አውቃለሁ። ስክራንተን የመጣችው ወንጌል ልትሰብክ ነው፣ አልደብቅሽም፤ ኮሪያውያኑን ፈረንጅ ላድርጋቸው ግን አላለችም። በዚህ እወዳታለሁ። እኔም ጾሜን አልሻርኩም።

በ1909 እዚሁ ሴኡል ሞተች፤ መቃብሯ ሃን ወንዝ አጠገብ ነው። ሄጄ አየሁት። እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ግን ያቺን ወረቀት የተቀበለችውን እናት ነው። አንቺንም እኮ «ሴት ልጅ ባሕር ማዶ ሄዳ ትመለሳለች?» ብለውሽ ነበር። አንቺ ወረቀት አልጠየቅሽኝም። ሁለት ዓመት ብዬሽ ይኸው አራተኛዬን ጀመርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ «ዋሸሽኝ» አላልሽም።

እንግዲህ በጽሑፍ ይሁንልሽ፦ ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ትኬቱን ቆርጫለሁ። ወረቀቱን ሙዳይሽ ውስጥ አስቀምጪው፤ ብቀር ታሳፍሪኝበታለሽ።

ልጅሽ