ለእማዬ፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ ስለምሠራው ሥራ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ጀርመን፣ ዬና ከተማ፣ ብርዱ ጀምሯል።

ባለፈው እሑድ «ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ምን ትሠራለህ?» ስትዪኝ ቸኩዬ ስለነበር «ሌዘር ነው» ብዬ አለፍኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከነከነኝ፤ ስለዚህ አሁን ከመነሻው ላጫውትሽ።

በፈረንጆች 1961 አሜሪካ፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ ቀይ የሌዘር ብርሃን በኳርትዝ ድንጋይ አሳለፉ። ብርሃኑ እጅግ ብርቱ ስለነበር ጥቂቱ ሁለት ሁለት እየሆነ ተዋሐደና ዓይን የማያየው ሌላ ብርሃን ሆኖ ወጣ፤ 694 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) የነበረው የሞገድ ርዝመት በግማሽ ቀንሶ 347 ሆነ። ማስረጃቸው ፎቶግራፍ ላይ ያረፈች አንዲት ደብዛዛ ነጥብ ነበረች። ጽሑፉ መጽሔት ላይ ሲወጣ ግን ነጥቧ የለችም፤ አዘጋጆቹ ቆሻሻ መስላቸው አጥፍተዋታል! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰፌድ ይዘሽ ምስር ስትለቅሚ ትዝ ትዪኛለሽ። ጠጠር መስሎኝ ደህናውን ፍሬ ልጥል ስል እጄን ይዘሽ «ቆይ፣ ደህና አድርገህ እየው» ትዪኝ ነበር።

የኔ ሌዘር ብልጭ ብልጭ የሚል ነው፤ አንዱ ብልጭታ 100 ፌምቶሴኮንድ ያህል ይቆያል፤ ፌምቶሴኮንድ የሴኮንድ ቢሊዮንኛ እንደገና ለሚሊዮን ሲከፈል ነው። በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ብርሃን በዚያች ጊዜ 30 ማይክሮሜትር ብቻ ይራመዳል፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት እንኳ አይሞላም። መጀመሪያ በፍራንከን መንገድ ሐምራዊ አደርገዋለሁ። ከዚያ በሌላ ክሪስታል ሳሳልፈው፣ አልፎ አልፎ አንዷ የብርሃን ቅንጣት፣ ፎቶን የምንላት፣ ዓይን በጭንቅ ወደሚያያቸው ሁለት ቀያይ መንትዮች ትሰነጠቃለች። የመንትዮቹ ጉልበት ሲደመር የእናታቸውን ያክላል።

ምን ሰነጠቃት? ቀይ ብርሃን ከውጭ አላስገባሁም። በድሮው ፊዚክስ ቢሆን ምንም ባልወጣ ነበር። ኳንተም በምንለው በአዲሱ ፊዚክስ ግን ጨለማም ፍጹም ጸጥ ያለ አይደለም፤ ብርሃን በሌለበትም የማይቆም ስስ ንዝረት አለ፤ መንትዮቹን የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። መቼ እንደሚወለዱ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ሲወለዱ ግን አብረው ነው። እማዬ፣ እነሱን ስቆጥር ውዬ ማታ ወደ ቤት ስገባ ልቤ ሙሉ ነው።

እህቴ እንደነገረችኝ አሁን ምስሩን የምትለቅመው እሷ ናት፤ ጠጠሩ አይታየኝም ብለሻል አሉ። ለምን ደበቅሽኝ? የዓይን ሞራ ከሆነ በቀዶ ጥገና ይወገዳል። ለጥምቀት እመጣለሁ፤ አንቺ ግን እኔን አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ከእህቴ ጋር ሐኪም ዘንድ ሂጂና ያለሽን ቃል በቃል ንገሪኝ።

ናፋቂ ልጅሽ