በስልክ የማይነገር የድረ ገጽ ስም

ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ!

ስለ ኦንላይን ንግድ ብዙ ትጽፋላችሁ፤ ጥሩ ነው። ስለ ድረ ገጹ ስም፣ ማለትም ሰው ድረ ገጹን ለመክፈት ስለሚጽፈው አድራሻ (ዶሜይን ስለሚባለው) ግን ትንፍሽ ያለ ሰው አላየሁም። እኔ ደግሞ የተቃጠልኩት በእሱ ነው።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ድረ ገጽ ሳሠራ ስሙን የመረጠልኝ የእህቴ ልጅ ነበር። የሱቁን ስም እንዳለ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈውና መሃሉ ላይ ሰረዝ ጣል አደረገበት። አየሁት፣ ያምራል። ወዲያው 500 ቢዝነስ ካርድ አሳተምኩ።

ጣጣው የመጣው አንዲት ደንበኛ ለልጇ ሠርግ ቀሚስ ፈልጋ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወለች ቀን ነው። "አድራሻውን ንገሪኝ እስቲ፣ እስክሪብቶ ይዣለሁ" አለችኝ። የሱቄ ስም ውስጥ "ጸ"ም "ቅ"ም አለ። "ጸ"ን አንዱ በቲ ኤስ፣ አንዱ በቲ ዜድ፣ ሌላው በኤስ ብቻ ይጽፈዋል። ቀጥሎ ኢ የሚያስገባ አለ፣ ኤ የሚያስገባም አለ። "ቅ"ስ በኪው ነው በኬ? ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው 12 ዓይነት አጻጻፍ ወጣው፣ ያውም ሰረዙን ሳልጨምር። ሰረዙማ ለሴትየዋ ከታች የሚሰመረው መሰላት፤ እሱ ደግሞ ዶሜይን ውስጥ ጭራሽ አይፈቀድም። አሥር ደቂቃ ፊደል ስንቆጥር ቆየንና "በቃ እህቴ፣ ፎቶውን በቴሌግራም ላኪልኝ" ብላ ዘጋችው። ታዲያ ያን ሁሉ ብር ምን ላይ አወጣሁት?

"በራሳችን ፊደል ለምን አይሆንም?" ያለኝ ሰው ነበር። በቴክኒክ ይቻላል። ግን "ጸ" እና "ፀ" ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ አድራሻዎች። "ሀ"ና "ሐ"ም እንደዚያው። ደግሞ ውጭ ያደገ የሙሽራ ጓደኛ ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ከየት ያመጣል?

ሁለተኛውን ስም ራሴ መረጥኩ። አጭር ነው፣ የምሸጠውን ይናገራል፣ "ጸ"ም "ቅ"ም "ጠ"ም የለበትም። ሰረዝም ቁጥርም የለው። ከመመዝገቤ በፊት አምስት ሰው ጋ ደውዬ አንዴ ብቻ ነገርኩና "ጻፈው" አልኩ። አራቱ በትክክል ጻፉት፤ አምስተኛው ከእንቅልፉ ስለቀሰቀስኩት ተቆጣኝ። መጨረሻውን ዶት ኮም አድርጌ ወሰድኩት፣ ሰው ሳያስብ የሚጽፈው እሱን ነዋ። ዶት ኮሙ ሌላ ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ ስሙን እተወው ነበር እንጂ በዶት ኔት አልወስደውም፤ ደንበኛዬን ለሌላ መላክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የንግድ ስሜ ተመዝግቧል ብላችሁ አትዘናጉ፣ ዶሜይን ለብቻው ነው የሚመዘገበው። ክፍያው ብዙ ጊዜ በዶላር ስለሆነ ብዙዎቻችን በዶላር የሚከፍል የባንክ ካርድ ያለው ሰው እንዲከፍልልን እናደርጋለን፤ ያኔ ባለቤት ተብሎ የማን ስምና ኢሜይል እንደገባ እዩ። የኔ የመጀመሪያው የተመዘገበው ድረ ገጹን በሠራልኝ ሰው ስም ነበር፣ ያወቅሁት የማሳደሻው ጊዜ ሲደርስ ነው።

ቢዝነስ ካርዶቹ አሁንም አሉ። ጀርባቸው ነጭ ስለሆነ የደንበኛ ልክ እጽፍባቸዋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሽሮ ሜዳ