ዘፈኑስ የፍቅር አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው እትማችሁ የናታሻ ቤዲንግፊልድን «አንሪተን» የፍቅር ዘፈን ብላችሁታል። ኧረ አይደለም! ዜማው ያሳስታል፣ አልፈርድባችሁም። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ይህ ዘፈን መነሻው ለታናሽ ወንድሟ የጻፈችው የልደት ስጦታ ነው። ርዕሱ «ያልተጻፈ» ማለት ነው። ገጹ ባዶ ነው፣ ብዕሩ ያንተ ነው እያለችው ነው።

እኔ የገባኝ ሐምሌ ላይ፣ ፒያሳ ነው። ማትሪክ ተፈትና ውጤት ከምትጠብቀው የእህቴ ልጅ ጋር ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ማዳመጫውን ተካፍለን ስንሰማ ዝናቡ መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ሲሮጥ እሷ እጇን ከቆርቆሮው ጠርዝ አሻግራ ዘረጋች። ማኪያቶዋ ቀዝቅዟል።

«ምን ልትማሪ አሰብሽ?» አልኳት።

«እኔ እንጃ!» አለችኝ፣ እየሳቀች።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር