እማዬ፣ ተኛ አትበይኝ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ስነግርሽ ዝም ትያለሽ፤ እንዳላመንሽኝ ይገባኛል። ድምፅሽ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ እኔም ወሬ አስቀይሳለሁ። ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ ብዬ ነው፤ እህቴ ቀስ ብላ ታነብልሽ።

በሽታዬ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይቲስ ይባላል። እዚህ ጀርመን ሰዉ የሚጠራው ቤክቴሬቭ እያለ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ስለ በሽታው በጻፈው ሩሲያዊ ሐኪም ስም። የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ ከዳሌና ከአከርካሪ መጋጠሚያ ይጀምራል፤ ብግነቱ፣ ማለትም የመጋጠሚያው መቆጣት፣ ለዓመታት ከቆየ የአከርካሪ አጥንቶች እርስ በርስ ሊጣበቁ ይችላሉ። እንደምትይው የሰው አገር ብርድ ያመጣብኝ አይደለም፤ ደሴ ብቀርም አይቀርልኝም ነበር።

እማዬ፣ ከሁሉ የከበደኝ «ተኛ፣ እረፍ» የምትይው ነው። ከአንጀትሽ እንደምትይው አውቃለሁ። የእኔ ሕመም ግን ባረፍኩ ቁጥር ይብሳል። ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ይቀሰቅሰኛል፤ ጠዋት ወገቤ ደርቆ ካልሲ ማጥለቅ እንኳ ትግል ነው። የሚያፍታታኝ መንቀሳቀስ ብቻ ነው። ሙቅ ውኃ ከወረደብኝ በኋላ ተረከዜንና ጀርባዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ እቆማለሁ። ማጅራቴን ቀና አድርጌ ጭንቅላቴን ግድግዳው ላይ ለማድረስ እሞክራለሁ፤ በክፉ ሰሞን በመካከሉ ሁለት ጣት ያስገባል። አገጬን እሰበስባለሁ፣ ትከሻዬን እከፍታለሁ፣ ደረቴ እስኪሞላ አየር እስባለሁ፤ በሽታው የጎድን አጥንትንም ስለሚያደርቅ ነው። ጭንቅላቴ ግድግዳውን የነካ ዕለት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

ብቻዬንም አይደለሁም። የዚህ በሽታ ታማሚዎች በፈረንጆቹ 1980 የመሠረቱት ማኅበር እዚህ አላቸው፤ በየከተማው በባለሙያ እየተመሩ አብረው ስፖርት ይሠራሉ። በእኛ ቡድን በአንቺ ዕድሜ ያሉ አንዲት ሴት አሉ። አንገታቸው አይዞርም፤ ሰው ሲጠራቸው መላ ሰውነታቸውን አዙረው ነው የሚያዩት። እኚህ ሴት ይዋኛሉ፣ አትክልት ይተክላሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ያደርሳሉ። እሳቸውን ካወቅሁ ወዲህ ስለ እርጅናዬ ያለኝ ፍርሃት ቀንሷል።

ሕመሙ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽሽም። በየሁለት ሳምንቱ የምወጋው መርፌ ብግነቱን በጣም አብርዶልኛል፤ ነገር ግን ይነሣብኛል። ሲነሣብኝ ድካሙ ከሕመሙ ይከፋል፤ ሰው ማናገር ያስጠላኛል። ያኔ ሥራ እቀንሳለሁ፣ አጭር መንገድም ቢሆን እራመዳለሁ፣ እስኪያልፍ እታገሣለሁ። ሲያልፍ ደግሞ በደንብ እኖራለሁ። ባለፈው የጓደኛዬ ሠርግ ላይ እስክስታ ስመታ የላክሁልሽን ቪዲዮ ተመልከቺው፤ ያ ትከሻ የበሽተኛ ትከሻ ብቻ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብሽ እንድታወጪ እለምንሻለሁ። በዘር ሊመጣ ይችላል ማለቴን ሰምተሽ «እኔ ነኝ ያወረስኩህ» ማለትሽን እህቴ ነግራኛለች። ያ በደም ምርመራ የተገኘብኝ የዘር ምልክት ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ በሽታ ሳይታመሙ ይኖራሉ። አባትሽ ጎብጠው የሄዱት በእርሻ ይሁን በዚህ በሽታ ማንም አያውቅም። ጥፋተኛ የለበትም እማዬ። ይልቅ ታናሽ ወንድሜን ተከታተይልኝ፤ ገና ወጣት ነው። ወገቡን ከሦስት ወር በላይ ካመመው፣ በተለይ ሌሊት ብሶበት ሲንቀሳቀስ ከተሻለው፣ ሐኪም ይየው። ዓይኑ ቀልቶ ካመመውና ብርሃን ካስጠላው ደግሞ የዚያኑ ቀን የዓይን ሐኪም ጋ ይሂድ።

ለፋሲካ እመጣለሁ። መኪና ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ስለሚያደርቀኝ እስከ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ነው የምመጣው። ጠበል አብረን እንሄዳለን፤ እጠመቃለሁ፣ መድኃኒቴን ግን አላቋርጥም። ወጌሻውን ግን አትጥሪብኝ። እጃቸውን ንቄ አይደለም፤ እንደኔ ያለ የደረቀ አከርካሪ ሲጠመዘዝ ሊሰበር ስለሚችል ነው። ስፖንጁን ፍራሽ አንሥተሽ ጠንካራውን አንጥፊልኝ፣ ትራሱም ስስ ይሁን። ማቀዝቀዣው ውስጥ ለመርፌዬ ትንሽ ቦታ ተዪልኝ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጉልበትሽ እስከፈቀደ ድረስ ወደ ጦሳ ተራራ በኩል አብረን እንራመዳለን፤ አንቺም መቀመጥ አብዝተሻል አሉ።

ጸሎትሽ አይለየኝ።

ልጅሽ