ስለ ለገሃር ስትጽፉ ድሬዳዋ ያሉትን አዛውንቶች አትርሷቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በቅርቡ ስለ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ስለ ሕንፃው በደንብ ጽፋችኋል። ከፊቱ ስለቆመው የይሁዳ አንበሳም እንደዚያው። አንድ ነገር ግን ጎደለብኝ። ሰው የለበትም። ባቡሩን የነዱት፣ የጠገኑት፣ ሐዲዱን በእግራቸው እየሄዱ የፈተሹት፣ በየጣቢያው ብርቱካን ይዘው የሮጡት የሉበትም። ከእነሱ ጥቂቶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እኔም ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ስለዚህ ለጉዳዩ ትንሽ አደላለሁ፤ አስቀድሜ ልናገር።

ታሪኩን በትምህርት ቤት ላልሰሙ ልጆች ባጭሩ ላስታውስ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ። በመጀመሪያ ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር። ነገር ግን ያን ተራራ በሐዲድ መውጣት ኪስ የሚያራግፍ ሆነና መስመሩ ከታች በሜዳው አለፈ። በታኅሣሥ 1895 ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ «አዲስ ሐረር» ተባለ። ድሬዳዋ ማለት እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ብሩ አለቀ። ኩባንያው በ1899 ከሰረ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝ ተፋጠጡ፣ ሥራው ቆመ። በ1900 አዲሱ ፈቃድ የተሰጠው ለዶክተር ዮሴፍ ቪታሊያን ነው። ይህ ሰው የጓድሉፕ ተወላጅ ጥቁር ሐኪም ነው፤ ምኒልክን ያክም ነበር። የኢልግ ስም በየጽሑፉ ይነሳል፣ ይገባዋልም። ቪታሊያንን ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ከካሪቢያን ደሴት ተነስቶ እዚህ ድረስ የመጣ ሐኪም በባቡራችን ታሪክ ውስጥ ስሙ አለ። እኔ ብሆን አንድ መንገድ በስሙ እሰይም ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ምኒልክ ግን አላዩትም፤ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። እናንተ የጻፋችሁለት የለገሃር ሕንፃ ደግሞ የተመረቀው በ1922 ነው።

784 ኪሎ ሜትር ነው ጠቅላላው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። በዚያ ጠባብ ሐዲድ ላይ ምን ያልተጓዘ ነገር አለ? በሚያዝያ 1928 አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ መስመር ነው። አንበሳው ራሱ ጣሊያን ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ሰይፍ ያነሳበት ታሪክም ከእሱ ጋር ይያያዛል። ይህን ሁሉ መጻሕፍት ይዘውታል። መጻሕፍት ወዳልያዙት ልሂድ።

ሠፈራችን ውስጥ በአንዲት ትንሽ ጣቢያ ሹም የነበሩ ሰው ጡረታ ወጥተው ይኖሩ ነበር። አባቴ ስለ እሳቸው የሚያወራው አንድ ነገር አለ። ባቡሩ አምስት ስድስት ሰዓት ሲዘገይ፣ እንዲያውም የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሲጠፋ፣ እሳቸው ካኔተራ ለብሰው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። በስልክ «ከወዲያኛው ጣቢያ ተነስቷል» የሚል ወሬ ሲመጣ ግን ይነሳሉ። ሸሚዛቸውን ይቆልፋሉ፣ ቆባቸውን ያደርጋሉ፣ ሰዓታቸውን ይሞላሉ። በዚያ በረሃ ማን ሊያያቸው? ባቡሩ ሲገባ ግን ጣቢያው ሹም አለው። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ስሠራ ብዙ አለቃ አይቻለሁ። ሥራውን እንደዚያ ያከበረ አላየሁም።

ሌላው የወርክሾፑ ሰው ናቸው። የድሬዳዋን የባቡር ወርክሾፕ ያላየ ሰው አንድ ቀን ገብቶ ይይ። ቶርኖው (የብረት መቅረጫው ማሽን)፣ የብረት መጭመቂያው፣ መዶሻው ሁሉ የጥንት ነው። የሚገርመው የማሽኖቹ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ መሥራታቸው ነው። የአሮጌ ባቡር መለዋወጫ ፋብሪካው ማምረት ሲያቆም ከየት ይመጣል? ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነበር የሚመጣው። የተሰበረውን ዕቃ ይለካሉ፣ ብረት ይመርጣሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይገጥሙታል። እኚህ የምላቸው አዛውንት ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያ ቆመው አርጅተዋል። ፈረንሳይኛውን የተማሩት ከመሣሪያ ስም ነው። ዓረፍተ ነገር አይሠሩም፤ የብሎኑን፣ የቫልቩን፣ የፍሬኑን ክፍል ሁሉ ግን በፈረንሳይኛ ይጠሩታል። ጎብኚ ሲመጣ ዛሬም ያስረዳሉ። ሲያስረዱ ማሽኑን ዳበስ ያደርጉታል።

ስለ ሴቶቹ ደግሞ ማን ጻፈ? ኤረር ላይ ብርቱካንና ሎሚ የሚሸጡት አሉ። ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልሱት አሉ። አዎ፣ ኮንትሮባንድ ነው፣ አልክድም። ፊናንስ፣ ማለትም የጉምሩክ ፖሊስ፣ መጣ ሲባል አንዷ ጨርቁን ቀሚሷ ሥር ትደርባለች፣ አንዷ ሻንጣውን ለማታውቀው ተሳፋሪ «ልጄ፣ ያንተ ነው በል» ብላ ትሰጣለች። ሕግ ሕግ ነው። ግን በዚያ ባቡር ተመላልሰው ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ያደረሱ እናቶች ሠፈራችን ውስጥ ነበሩ። የድሬዳዋ ገበያ ስሙ የገነነው በእነሱ ትከሻ ነው። የባቡር ቅርስ ስንል እነሱም ይግቡ።

ስለ አንድ ክፉ ቀን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በጥር 1977 አዋሽ አካባቢ የሕዝብ ማመላለሻው ባቡር ከድልድይ ላይ ወጥቶ ገደል ገባ። ከአራት መቶ በላይ ሰው ሞተ። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነው የተባለው። ያ ዓመት አገሪቱ በድርቅ የተጎዳችበት ዓመት ነበር፤ ሐዘን በሐዘን ላይ። ድሬዳዋ ላይ ለቀስተኛ ከአንዱ ድንኳን ወጥቶ ሌላው ድንኳን ይገባል። አባቴ በሥራው ምክንያት ቦታው ድረስ ከሄዱት መካከል ነው። ከመጣ በኋላ ስለዚያ ነገር አውርቶ አያውቅም። እናቴም አልጠየቀችውም። የምድር ባቡር ሰው በሥራ ጉዳይ ሲናደድ ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ ይረሳል። የዚያን ጊዜ ግን ሁሉም ዝም ነው ያለው። ሐዲዱን ግን ጠገኑት። ባቡሩም እንደገና በዚያው ድልድይ ማለፍ ጀመረ፣ ያሳለፉትም እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ከዚያ በፊት በ1969ም እንዲሁ። የሶማሊያ ጦር ሲገባ ድልድዮች ፈረሱ፣ መስመሩ ለወራት ተቋረጠ። ድሬዳዋ ራሷ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ጦርነቱ ጋብ ሲል የፈረሰውን መልሰው የሠሩት ጀግና ተብለው ሜዳሊያ አልተሰቀለላቸውም። ደመወዛቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አዲሱን ባቡር ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። በመስከረም 2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር አገሪቱ የምትፈልገው ነገር ነው። አሮጌው መስመር ደክሞ ነበር፤ ናፍቆት ዕቃ አይጭንም። ጣቢያው ከከተማ ውጭ መሆኑ ግን ያበሳጫል፣ አቦ። ድሬ ድሮ ባቡር ሲገባ ከተማው መሃል ነበር የሚገባው፤ ጋሪው፣ ሻይ ቤቱ፣ ተቀባዩ ሁሉ ደጁ ላይ ነበር። እንደ አፍደም፣ እንደ ኤረር፣ እንደ አዲጋላ ያሉት ትንንሽ ከተሞችም በባቡር ጩኸት የተፈጠሩ ናቸው። ባቡሩ ሲቀር ምን እንደሆኑ አንድ ጋዜጠኛ ልካችሁ ብታዩ ጥሩ ዘገባ ይወጣዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ለገሃር አካባቢ ትልቅ ግንባታ ሲታቀድ ጣቢያው እንደ ቅርስ እንደሚጠበቅ ተነግሮናል። ደስ ይላል። ሕንፃ ግን ጥበቃ ከተቀጠረለትና ጣሪያው ከታደሰ ይቆያል። ሰውዬው አይቆይም። ወርክሾፑን የሚያውቁት ሰዎች ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ያንን የጥንት ቶርኖ ማን ያስነሳዋል? መመሪያው ያለው በእነሱ ጭንቅላት ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች አሉት፣ ካሜራ የሌለው ስልክ የያዘ ተማሪም የለም። አንድ ሴሚስተር ከእነዚህ አዛውንቶች ጋር እንዲውሉ ማድረግ ምን ያህል ይከብዳል? ማሽኑ ሲነሳ፣ ሲቆርጥ፣ ሲበላሽና ሲጠገን በቪዲዮ ይቀረጽ። አዛውንቶቹ ደግሞ በነፃ አይደክሙ። ጎብኚ ያስጎበኙበት፣ ተማሪ ያስተማሩበት ይከፈላቸው። «ለአገር ነው» ብለን ሽማግሌ በነፃ የምናሠራበት ልማድ ይብቃን።

የወረቀቱ ነገርም አለ። የሠራተኛ መዝገብ፣ የጣቢያ ደብተር፣ የቴሌግራም ቅጂ፣ የጥገና ሠንጠረዥ፤ ብዙው በፈረንሳይኛ ነው። ድርጅት ሲቀየር፣ ቢሮ ሲዛወር ወረቀት መጀመሪያ የሚጣለው ነገር ነው። እኔ ራሴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ አሮጌ ፋይል በካርቶን ተሞልቶ ዝናብ ሲመታው አይቻለሁ። የባቡሩ እንዲህ እንዳይሆን ከአሁኑ ስካን ይደረግ። በዚያ መዝገብ ውስጥ ያለው ስም የብዙ ቤተሰብ አያት ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ዓረቡ አንድ ደመወዝ ዝርዝር ላይ የተሰለፈበት ወረቀት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰነድ በዚህ ዘመን ቢታይ አይጠላም።

የአዋሹ አደጋ ሟቾችም ስማቸው በድንጋይ ላይ ተጽፎ፣ አላፊ አግዳሚ ቆሞ የሚያነበው ቢሆን እወዳለሁ። ልጆቻቸው ዛሬ ጎልማሶች ናቸው።

ከእናንተ የምፈልገው ግን ከዚህ ሁሉ ቀላሉን ነው። በሳምንት አንድ ዓምድ፣ ግማሽ ገጽም ይሁን፣ ለምድር ባቡር ሰዎች ስጡ። ባቡር ነጂው ማኪኒስት፣ ጣቢያ ሹሙ፣ ፈታሹ፣ ብርቱካን ሻጯ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ። እናንተ ብቻ ጠይቁ፣ ቅዱ፣ አትሙ። ድሬዳዋ ያሉትን አዛውንቶች ለማገናኘት እኔ ዝግጁ ነኝ። ጠዋት ብትመጡ ይሻላል፤ ቀትር ላይ ድሬ ተኝታለች፣ ማንም በር አይከፍትላችሁም። አባቴ የተወው የደመወዝ ወረቀትና የሥራ መታወቂያም እጄ ላይ አለ። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ የድሬዳዋ ልጅ
አዲስ አበባ